የጀመረችው እሷ ናት

ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልወደውም። ምሳ ተበልቶ፣ ሙቀቱ በርትቶ፣ ማራገቢያው ከጣሪያው ሥር እየተንቋቋ ሲዞር ግማሹ ተማሪ ዓይኑን እንደገለጠ ይተኛል። ያን ቀን የማወራው ሴቶች በቤት ውስጥ የሚደርስባቸውን ድብደባ ለማስቀረት ስላደረጉት ትግል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተሰባስበው የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል እንዴት እንደተሟገቱ፣ ሚስት ስትመታ "የቤት ጉዳይ ነው" መባሉ እንዲቀር እንዴት እንደደከሙ ነገርኳቸው። ስጨርስ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ሕጉ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ያሉት ሴቶች ምን ያደርጉ ነበር?"

"እዚህ ስትዪ?"

"እኛ አገር። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ይሄ ሁሉ።"

"እስካሁን የተጻፈ ነገር አላገኘሁም" አልኳት።

"አያቴ ታውቃለች" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ወሰደችኝ። አያቷ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ግቢው ውስጥ ከዳሱ ሥር ሰሌን አንጥፈው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። የአዋሽ አካባቢ አፋር ናቸው። በወጣትነታቸው አዋሽ ከተማ፣ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ኖረዋል፤ የሰፈሩንም ልጆች ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ቃል አስገብተውኛል፤ ስለዚህ የሰመራዋ እማማ እላቸዋለሁ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው "የሴቶች ንቅናቄ" የሚል ቃል ተጠቀምኩ። ወደ ልጅቷ ዞረው ምን እንደሆነ ጠየቁ። እሷም በአፋርኛ ብዙ አስረዳቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሳቅ አሉ።

"እሱን እኛ 'ጨው መጠየቅ' ነበር የምንለው" አሉ።

ከዚያ እንዲህ ብለው አጫወቱኝ።

"አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው አዋሽ የገባሁት። ባሌ ጣቢያው ላይ ዘበኛ ነበር። አማርኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ፍየል ጠፋችብኝና መታኝ። ከንፈሬ ደምቶ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አንዲት ረጅም ሴት ሰሃን ይዛ ገባች። ከአጥራችን ማዶ ያለችው የባቡር ሠራተኛው ሚስት ናት። አንድ ነገር ተናገረች፤ አልገባኝም። እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። ሰሃኗን አስቀመጠችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተነሳችም። እሱ ቆመ፣ ወዲያ ወዲህ አለ፣ በመጨረሻ ጥሎን ወጣ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ በውሃ ነክራ ፊቴን ጠረገችልኝ። የተናገረቻትን ቃል እንዳልረሳት በልቤ ስደጋግም ቆየሁ። ኋላ ሰው ብጠይቅ 'ጨው' ማለት ነው አሉኝ። የመጀመሪያዋ አማርኛዬ እሷ ናት።"

ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ሰሙ። የረጅሟ ሴት ባል ከባቡር ጉዞ ሲመለስ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይማታል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ሁሉም ባልና ሚስት መሃል አይገባም ብሎ በሩን ይዘጋል።

"እኔ ምን ላድርግ? ሰሃን አንስቼ ገባሁ። 'ጨው' አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ከዚያ እንደሷ ቁጭ አልኩ።"

"እንግዲህ የጀመሩት እርስዎ ነዎት ማለት ነው" አልኳቸው።

ተቆጡ። "ወላሂ አይደለሁም። እኔ ከሷ ያየሁትን ነው ያደረግሁት። የጀመረችው እሷ ናት። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።"

ሴትዮዋ በሕይወት እንዳሉ ጠየቅኳቸው። አዋሽ እንዳሉ ሰው ነግሯቸዋል፤ ነገር ግን እሳቸው ልጃቸውን ተከትለው ሰመራ ከገቡ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። "ጆሮዋ ደክሟል፤ ስልክ አታነሳም" አሉኝ። እኔም ድምፃቸውን ቀድቼ ላደርስላቸው እንደምችል ነገርኳቸው። ስልኬን ወደ አፋቸው ሳስጠጋላቸው በመጀመሪያ ማዶ ተራራ ላይ ያለ ሰው የሚጣሩ ያህል ጮኹ። ቀስ በቀስ ድምፃቸው ወረደ። "ደህና ነሽ? ልጆችሽ ደህና ናቸው? ጉልበትሽስ? ቤቱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ..." አሉና ቆሙ። "በቃ፣ አጥፊው" አሉኝ።

ከሰመራ አጠገብ ካለችው ሎጊያ በማለዳ ተሳፍሬ አዋሽ የደረስኩት መሬቱ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። መንገዱን የጅቡቲ ከባድ መኪኖች እንደ ልማዳቸው ሞልተውታል። አዋሽ ስገባ ግን ሰው አልጋውን ከቤት አውጥቶ ደጅ ዘርግቷል፤ ግድግዳዎች ተሰንጥቀዋል፤ ሰላምታው ሁሉ "ዛሬስ ተሰማሽ?" ሆኗል። የድሮው ጣቢያ አጠገብ ጠይቄ ጠይቄ የሴትዮዋን ቤት አገኘሁት። ኒም ዛፍ ሥር ባወጡት አልጋ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አሁንም ረጅም ናቸው፤ ትንሽ ጎበጥ ብለዋል።

"በቀኝ በኩል ተቀመጪ፣ ልጄ። የግራው አይሰማም" አሉኝ።

ከማን እንደመጣሁ ከመናገሬ በፊት ስልኩን ደህናው ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። "ጉልበትሽስ?" የሚለው ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ሲያልቅ "ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡና ለእኔ እንጀራ በክክ ወጥ ይዘው ወጡ፤ ስበላ አላናገሩኝም። የአዋሽዋ እማማ በልቶ ያልጨረሰ እንግዳ አይጠይቁም።

ጨው መጠየቁን እንዴት እንደጀመሩት ስጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

"እኔ ምንም አልጀመርኩም። የጀመረችው እሷ ናት። ባሌ ቀበቶውን ፈትቶ ቆሟል። እኔ ጥግ ላይ ነኝ። ያቺ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ልጅ ሰሃን ይዛ 'ጨው፣ ጨው' እያለች ሰተት ብላ ገባች። ቀበቶውን ከኋላው ደበቀ። ባሌን ሲያፍር ያየሁት ያኔ ነው። ልጅቷ ተቀመጠች፤ በቃ፣ አትነሳም። ጨዋ ሰው ነውና እንግዳ ፊት ምን ያድርግ? ሂጂ አይላት ነገር አማርኛ አትሰማ።"

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁለቱም አንድ ዓይነት አድርገው ነው የነገሩኝ። ሁለቱ ተመካከሩ። መመካከር ስል በምልክትና በጥቂት ቃል ነው፤ አንዷ አማርኛ ስትማር ሌላዋ አፋርኛ ተማረች። ማናቸውም ቤት ጩኸት ከተሰማ የሰማች ሁሉ አንድ ነገር ልትጠይቅ ትገባለች። ወንፊት፣ መርፌ፣ እሳት፣ ያገኘችውን። የገባች አትወጣም። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ ኋላ የጣቢያ ፀሐፊው ሚስት ገባችበት፤ ቀጥሎ ሱቅ ያላት፣ ቀጥሎ ወተት የምታመጣዋ። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ከደጋ የመጣችውም የአገሬውም። አንድ ሰው በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሊያስቀራቸው ሞከረ። ሴቶቹ ሰሃናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጃፉ ላይ ተደረደሩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ "ምን ሆናችሁ?" ሲል "ጨው ልንጠይቅ" ይላሉ። ሰውየው ራሱ ከፈተ።

ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። ሴቶቹ ተጠሩ።

"ባልና ሚስት መሃል ምን አገባችሁ ተባልን" አሉ የአዋሽዋ እማማ። "እኔ ተነስቼ 'አባቶቼ፣ የጎረቤት ቤት መግባት ከተከለከለ ንገሩን፤ የተከለከለ ከሆነ የእናንተም ሚስቶች ቤታችን አይመጡም' አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ልብ አገኘንና ሌላም ጠየቅን። ባል ሲያጠፋ ካሳውም ይቅርታውም ለሚስቱ ወንድም ነበር የሚሰጠው። ለራሷ ይሁን አልን፤ እኛም ባለንበት። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ለሁለቱም ይሁን አሉ።"

"ባልዎ ከዚያ በኋላ ተዉ?"

"ወዲያው ተወ ብዬ አልዋሽሽም። እጁን ያነሳ ነበር። ባነሳ ቁጥር ግን ቤቱ በሴት ይሞላል። ቀስ በቀስ ሰለቸው። ኋላ ሲታመም አጥቤዋለሁ፣ አጉርሼዋለሁ። ወድጄው ነው ወይ ብትዪኝ አላውቅም። የልጆቼ አባት ስለሆነ ነው።"

አንድ ነገር ግን ሁለቱም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የነገሩኝ። ጥጥ እርሻ ሊሠራ የመጣ ሰው ሚስት ከከተማው ወጣ ብላ ላስቲክ ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። ብትጮህ የሚሰማት ጎረቤት የላትም። አልደረሱላትም። ሬሳዋን ያጠቡት እነሱ ናቸው። ከቀብሯ በኋላ ሴቶቹ ሰፈሩን ተከፋፈሉ፤ እስከ ዳር ያለው ጎጆ ሁሉ የምትጎበኘው ሴት ተመደበችለት፤ ጩኸት ቢኖርም ባይኖርም ሄዳ ደጁን ታንኳኳለች። እኔ ክፍል ውስጥ "መደራጀት" እያልኩ የማስተምረው ይህንን ነው። የአዋሽዋ እማማ ግን ስለዚህ ሲያወሩ ኩራት አልነበራቸውም። "ቀድመን ማሰብ ነበረብን" ብቻ አሉ፤ የለቀሙትንም ምስር እንደገና መልቀም ጀመሩ።

ያን ጊዜ ነው የሰመራዋ እማማ የነገሩኝን ያነሳሁላቸው። የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት፣ ፍየል የጠፋችባቸው ቀን ሰሃን ይዘው የገቡት እርስዎ ነዎት ይላሉ አልኳቸው። እጃቸው ቆመ።

"ያን ቀን?"

"አዎ። ሊያድኗቸው የገቡ ዕለት።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ልጄ፣ ያን ቀን እኮ እውነትም ጨው አልቆብኝ ነው! ሽሮ ጥጄ ጨው ብፈልግ የለም። ከአጥር ማዶ አዲስ ሰው ገብቷልና ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። ጩኸት መኖሩን መቼ ሰማሁ። ገብቼ ሳያት ደነገጥኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እስከ ዛሬ ላድናት የሄድኩ ይመስላታል?"

"ይመስላቸዋል።"

ሳቃቸው ጠፋ። "ውይ፣ አትንገሪያት" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "አይ፣ ውሸት ይሆንብኛል። ራሴ እነግራታለሁ። በስልክ ግን አይሆንም" አሉ።

ልጆቻቸው መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ጀምሮ አዋሽን ልቀቂ እያሉ ይወተውቷቸው ነበር። አዳማ ያለችው ልጃቸው ሁለት ጊዜ መኪና ይዛ መጥታ ባዶዋን ተመልሳለች። አሁን ግን ሰመራ ከሆነ እሄዳለሁ አሉ። ደውዬ ለልጃቸው ስነግራት "እኔን እንቢ ብላ?" አለች ቅር ብሏት፤ ከዚያ "ብቻ ደጅ አትደር፤ ውሰጃት" አለችኝ።

ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ትምህርት ሲዘጋ ልወስዳቸው ተመለስኩ። አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ በርበሬና ሽሮ በላስቲክ ቋጥረው ጠበቁኝ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያዩ ዋሉ። ሚሌ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታቸውን ሲመታቸው "ይሄን እሳት ወዳ ነው የመጣችው?" አሉኝ።

የሰመራዋ እማማ ከሰሌናቸው ተነስተው በር ላይ ቆመው ነበር። ተማሪዬ ክንዳቸውን ይዛለች። ሁለቱ አልተላቀሱም። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዷ የአንዷን እጅ እየሳመች፣ ተራ በተራ ሰላምታ ተጠያየቁ፤ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የሞተው፣ የተዳረው። የሰላምታው ግማሽ በአፋርኛ ነው። የአዋሽዋ እማማ አፋርኛቸውን እንዳልረሱ ሳይ ተገረምኩ።

"አርጅተሻል" አሉ የሰመራዋ።

"አንቺ ደግሞ ወፍረሻል" አሉ የአዋሽዋ።

ገብተን ተቀመጥን። መቅጃዬን አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሻይ ቀረበ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ መሬቱ መንቀጥቀጥ ተወራ። ከዚያ የአዋሽዋ እማማ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት" አሉና ነገሯቸው። ሽሮ መጣዳቸውን፣ ጨው ማለቁን፣ ምንም አለመስማታቸውን። አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚናገሩት። "ላድንሽ አልመጣሁም። ላታልልሽ አልፈልግም" ብለው ጨረሱ።

የሰመራዋ እማማ ቀና ብለው አዩዋቸው።

"ታዲያ ጨውሽን ይዘሽ መሄድ ትችዪ አልነበረም?" አሉ።

"ጨው መቼ ሰጠሽኝ።"

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች። ከዚያ የሰመራዋ እማማ እየሳቁ "ሽሮሽስ ምን ሆነ?" ብለው ጠየቁ።

"አረረ። እሳት ላይ ትቼው ወጥቼ፣ አመሻሽ ላይ ስመለስ ድስቱ ከስሏል።"

"ባልሽስ?"

የአዋሽዋ እማማ የነጠላቸውን ጥለት ይዳስሱ ጀመር። የሰመራዋ እማማ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሄደ። በጉልበታቸው ተንፏቀው ቀረቡና እጃቸውን የጓደኛቸው ግራ ጆሮ ላይ አሳረፉ።

"ይሄ የዚያን ቀን ነው?"

"የድሮ ነገር ነው። ተይው።"

"እኔ ዘንድ በመቆየትሽ ነው?"

"ተይው አልኩሽ፣ እህቴ። ያ ቀን ቢመለስም እቀመጣለሁ።"

የሰመራዋ እማማ እጃቸውን አላነሱም። ተማሪዬ ፊቷን አዙራ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ፤ ማጠቢያው ጋ ቆመን ንጹሑን ብርጭቆ ሁሉ ደግመን አጠብን። ስንመለስ የሰመራዋ እማማ ቦታ ቀይረው በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል፤ ስለ አንድ ያዋለዱት ልጅ አባት እያወሩ ነው።

ይህን መጻፍ እችል እንደሆነ በማግስቱ የአዋሽዋን እማማ ጠየቅኳቸው። ሲያስቡ ቆዩና "ስሜን ተዪው እንጂ ጻፊው። ሽሮው ማረሩንም ጻፊ" አሉኝ። ጽሑፌን ሳጠናቅቅ ማን ጀመረው የሚለውን ሳልወስን ተውኩት። ሁለቱ የየራሳቸውን እንደነገሩኝ አስቀመጥኩት። ረቂቁን ያነበበ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "መሥራቿ ካልታወቀች ንቅናቄ ልትዪው ትችያለሽ?" ብሎኝ ነበር፤ ቅዳሜ ወደ ተማሪዬ ቤት አብሮኝ እንዲመጣ ጋበዝኩት፤ መጥቶ ሻይ ጠጣ፣ ጥያቄውንም አልደገመም። ተማሪዬ በበኩሏ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሎጊያን ሴቶች መጠየቅ ጀምራለች። እዚያ ደግሞ ጨው አይሉም፤ ምን እንደሚሉ ግን እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለች፤ የሷ ግኝት ነው።

የአዋሽዋ እማማ ሳምንት ብለው የመጡት ዐቢይ ጾም ገባባቸው። በዚያው ሰሞን ረመዳንም ገባ። ሁለቱ ጾም ገጥሞ እንዲያ አንድ ቤት ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ወጥቼ በዘጠኝ ሰዓት ብመጣ የአዋሽዋ እማማ ምግብ ቀርቦላቸው አልነኩትም። የሰመራዋ እማማ ይቆጧቸዋል።

"የናንተ ጾም በዘጠኝ ሰዓት ይፈታል አይደል? ብዪ እንጂ።"

"ብቻዬን አልበላም።"

"እኔ እስከ መግሪብ ነኝ። አንቺ አሮጊት ነሽ፣ ይደክምሻል።"

"አንቺ ወጣት ሆነሽ ነው?"

የሰመራዋ እማማ ወደ እኔ ዞረው "ንገሪያት እስቲ፤ የሷ ሃይማኖት ነሽና እንደ ቄስ ትሰማሽ ይሆናል" አሉ። እኔ ቄስ አይደለሁም አልኩ። ጫማዬን አውልቄ ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቁርስ አልበላሁም ነበርና መራቡን እኔም ከነሱ ጋር ተያያዝኩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። የተማሪዬ እናት ተምርና ውሃ አመጣች፤ ሥጋ ያለበትን ሳንቡሳ በአንድ ትሪ፣ ምስር ብቻ የተጠቀለለበትን በሌላ። ሁለቱን በተለያየ ዘይት ነው የጠበሰችው። የአዋሽዋ እማማ አማትበው፣ የሰመራዋ እማማ ቢስሚላህ ብለው፣ እጃቸውን ዘረጉ።